ሦስት ሙሉ ዙር

ፒክአፗ የተገኘችው ገደል ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ነው። ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ታች ድረስ ያለው ሣር በእንቁላል ተለውሶ ቢጫ ሆኗል። ነጂዋ የእንቁላል ነጋዴ ነበር፤ አሁን ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከመንገዱ ዳር ተጋድሟል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንኳ ገና አልሞላም።

ኢንስፔክተሯ እንቁላሉ እያዳለጣት ቁልቁል ወረደችና መኪናዋን ዞረቻት። በተሰበረው መስኮት እጇን ሰዳ የሞተሩን ቁልፍ ፈለገች። ተዘግቷል። ሟቹ ከመሞቱ በፊት ሞተሩን አጥፍቷል ማለት ነው።

«ቢያጠፋውም አይሰማውም» አለ የትራፊክ ባለሙያው ከኋላዋ። «የድሮ ናፍጣ ሞተር አየር የሚገፋለት ቱርቦው ሲበላሽበት የራሱን ዘይት እየጠጣ ይሽከረከራል። ቁልፍ ብትዘጊ፣ ብትለምኚው፣ ብትረግሚው ግድ የለውም። ማዶ ድንጋይ የሚጠርበው ሰውዬ ‘ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ነበር፣ ሞተሩ እንደ እብድ ይጮህ ነበር’ ብሏል።»

«ቱርቦው ለምን ተበላሸ?»

«ግፊቱን አብዝተውበታል። ይቺን ቀጭን ዘንግ አየሻት? ግፊቱ ሲበዛ ትንሽ በር ገፍታ ትርፉን የምታስወጣው እሷ ናት። ዳዶዋን አዙረሽ ስታሳጥሪያት በሯ ቶሎ አትከፈትም፤ መኪናዋ ጉልበት ታገኛለች፣ ዳገት ትደፍራለች። ከልክ በላይ ስታሳጥሪያት ግን በሯ ጭራሽ አትከፈትም። ይቺ ደግሞ እንዴት እንዳጠረች እያት።»

«ማን አሳጠራት?»

ባለሙያው በአገጩ ወደ ላይ ጠቆማት። በመንገዱ ጠርዝ ላይ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ወገባቸውን በሻርፕ ጠፍረው ተቀምጠዋል፤ ቀድመው ወርደው ዘንጓን አይተዋታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቱርቦ ግፊት ያስተካከሉ መካኒክ ናቸው። የዳዶ ቁልፋቸውን በአንድ ጊዜ ከግማሽ ዙር በላይ ስለማያዞሩ ሹፌሩ ሁሉ «ጋሽ ግማሽ» ነው የሚላቸው። ኢንስፔክተሯ ወደ እሳቸው ስትወጣ፣ ገና አንድ ቃል ሳትናገር፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት።

«እሰሪኝ እህቴ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ የሚክድ እንጂ እሰሪኝ ብሎ የሚለምን ብዙ አላጋጠማትም። እንዲህ ያለው ደስ አይላትም። ሰው ጥፋቱን በዚህ ፍጥነት ሲቀበል ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሚጋርደው ነገር አለ።

ጣቢያ ወስዳ ወንበር ሰጠቻቸው። ወገባቸው እምቢ ብሏቸው ለመቀመጥ ጠረጴዛውን ተደገፉ።

«ሥራዬ እንዲህ ነው» አሉ። «ግፊት ያስተካከልኩለትን መኪና ጋራዥ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ እኔው ራሴ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ማዶ እወርዳለሁ፣ ድልድዩ ጋ ዞሬ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ለባለቤቱ ቁልፍ ሰጥቼ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን ወገቤ ያዘኝ። ጋራዥ የደረስኩት እየተጎተትኩ ነው። ነጋዴው እንቁላሉን በሌላ መኪና አስመጥቶ በር ላይ ቆሟል። ‘ጋሼ ይበላሽብኛል’ ብሎ ለመነኝ። ‘በል ጫንና ራስህ ሞክራት’ ብዬ ሰጠሁት። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን!»

«ዘንጓን ስንት ዙር አዞሯት?»

ጋሽ ግማሽ የሻርፓቸውን ቋጠሮ አጠበቁ።

«አላስታውስም።»

«እርስዎ? ስንት እንዳዞሩ?»

«አላስታውስም አልኩሽ እኮ። አብዝቻለሁ። ጻፊው በቃ።»

አዛዡ ዘንድ ስትገባ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። «ሰውዬው አመነ። ምን ቀረሽ? እንዲዘፍንልሽ ነው የምትፈልጊው? ነገ ጠዋት ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይግባ» አላት። ነገ ጠዋት ከገባ እኚህ ሰውዬ ወንጀለኛ ናቸው። ምናልባት አምስት ዓመት፣ ምናልባት አሥር። ለእንደዚያ ያለ ወገብ አሥር ዓመት ዕድሜ ልክ ነው።

*

የመኪናዋ ሬሳ ከሰዓት በፊት ወደ ጣቢያው ግቢ ተጎትቶ መጣ። ኢንስፔክተሯ ኮፈኑን ሳይሆን ሹፌሩ የሚቀመጥበትን ነበር የፈለገችው። የፍሬኑ ፔዳል ጎብጧል። ሰውዬው ቆሞበት ነበር ማለት ይቻላል።

«እንዲህ የረገጠ ሰው አስፋልቱ ላይ የጎማ ምልክት አይተውም?» አለችው ባለሙያውን።

«ምልክት አልነበረም» አለ። ከዚያ ራሱ የተናገረው ገረመው መሰለ፣ ጃኬቱን አወለቀና ሞተሩ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ጣት የሚያህል ጥቁር የጎማ ቱቦ ይዞ ነበር።

«ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ነው። ፍሬኑን የሚያቀለው እሱ ነው፤ ከተቀደደ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ ብትቆሚበትም መኪናዋን አይዝም። ይኸው፣ እይው።»

የቱቦው አፍ ግማሹ ተቦጫጭቋል፤ ግማሹ ግን ቀጥ ብሎ፣ ለስልሶ ተቆርጧል። ምላጭ የነካው ጎማ መሆኑን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከስር በኩል ስለሆነ ኮፈን ከፍቶ ያየ ሰው አያየውም። ትንሽ ሲነዳ፣ ትንሽ ሲሞቅ፣ የቀረው በራሱ ይቀደዳል።

«ይህን ለማንም አትንገር» አለችው። «ለጋሽ ግማሽም ቢሆን።»

*

የነጋዴው ሚስት ሰው ሞልቶ የሚለቀስበትን ክፍል ትታ ወደ ጓሮ ወጣችላት። ዓይኗ አብጧል፤ ንግግሯ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ባሌን የሚጠላ? ዶሮ እንኳ አይጠላውም። ጨጓሬ ብቻ ነው።»

«ጨጓሬ ማነው?»

«እሱም እንቁላል ጫኝ ነው። የመጫኛ ቦታ ተራዬን ወሰድክብኝ ብሎ ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ‘ገደል ስትገባ በዓይኔ አያለሁ’ አለው። ይኸው አየ!»

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ደስ የማይለው መርማሪ የለም። ኢንስፔክተሯ ጨጓሬን ፍለጋ ገበያውን አሰሰች፣ ቤቱ ሄደች፣ እናቱን ጠየቀች። «ልጄን እናንተ አይደላችሁ የወሰዳችሁት?» አሉ እናትየው ተቆጥተው። ወደ ጣቢያ ተመልሳ የእስረኛ መዝገብ ስትገልጥ፣ ጨጓሬ ከትናንት ወዲያ ከሰዓት ጀምሮ በድብድብ ተይዞ ከራሷ ቢሮ ሁለት በር አልፎ ተኝቷል። ያስገባችውም እሷው ናት፤ ቅጽል ስሙን አታውቅም እንጂ ፊርማዋ ከመዝገብ ስሙ ጎን ቁጭ ብሏል። በአገሩ ሁሉ የእሱን ያህል የተረጋገጠ ምስክር ያለው ሰው አይገኝም። በራሷ ስቃ መዝገቡን ዘጋችው።

እንግዲህ ወደ ጋራዡ መመለስ ሊኖርባት ነው። መኪናዋ ስታድር በሩ ተቆልፎ ነበር። የበሩ ቁልፍ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ በጋሽ ግማሽ ኪስ፣ ሌላው አብሯቸው በሚሠራው ወንድማቸው።

*

ወንድምየው አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። መልከ መልካም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጥፍሩ ስር ያለው ዘይት በሳሙና የማይለቅ። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጋሼ እንዴት አደረ? ማለቴ… እንዴት ዋለ? ወገቡስ?»

«ደህና ናቸው። ትናንት ስትዘጉ መኪናዋ እንዴት ነበረች?»

«ጋሼ ጨርሷት፣ ዳዶውን አጥብቆ፣ ምልክቱን አድርጎባት ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብረን ዘግተን ሄድን። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ከፈትኩ። ወዲያው ወደ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። እሱ የሚመጣው ሁለት ሰዓት ነው።»

«ምን ልትገዛ?»

«የዘይት ማጣሪያ።»

ከጀርባው ባለው መደርደሪያ ላይ አዲስ የዘይት ማጣሪያዎች ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። ኢንስፔክተሯ ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ለእኔ አባቴ ነው» አለ ወንድምየው እንባውን በክንዱ እየጠረገ። «እናታችን ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። በጀርባው አዝሎ ነው ያሳደገኝ። እኔ ትምህርት ቤት እንድገባ እሱ አቋርጧል። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሰው ያረጃል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆየ። ዙር መቁጠርም ይጠፋበታል። ለሰው አልተናገርኩም፤ የእሱን ስም እንዴት አነሳለሁ?»

እያለቀሱ ሰው መክሰስም ችሎታ ነው፣ አለች ኢንስፔክተሯ በሆዷ። ግን በሆድ የሚባል ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም።

*

የዕቃ መሸጫው ባለቤት በጥርሱ ስንጥር እያላመጠ አዳመጣት።

«ዛሬ ጠዋት? አዎ፣ እዚችው ወንበር ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ምንም አልገዛም። ስልኩን ያያል፣ ያስቀምጣል፣ ያያል። ፍቅር ይዞት ነው ብዬ ቀለድኩበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስልኩ ጮኸ። ‘ጋሼ’ ይላል፣ እኔም አይቼዋለሁ፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው። አነሳው። ከዚያ ‘አንተ ነህ? ራስህ ነህ?’ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወንበሩን ይዞ ነው የተነሳው።»

«መርዶ ሲሰማ ነዋ።»

«የለም!» አለ ሰውዬው ስንጥሩን አውጥቶ። «እኔንም የከነከነኝ እሱ ነው። መርዶውን የሰማው ኋላ ነው። ‘ማን ነበር የሚነዳው?’ ሲልም ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ግን ገና ‘ሄሎ’ ሲባል ነው የደነገጠው። ወንድምሽ ሲደውልልሽ በድምፁ ትደነግጫለሽ?»

ኢንስፔክተሯ ቃሉን ጻፈች። የሰውን ድንጋጤ ለዐቃቤ ሕግ ማቅረብ አይቻልም፤ የሚዳሰስ ነገር ያስፈልጋታል። መንገዱን በሙሉ ግን ‘ራስህ ነህ?’ የሚለው በጆሮዋ ነበር።

*

ጣቢያው ግቢ ስትደርስ የጋሽ ግማሽ ሴት ልጅ እየጠበቀቻት ነበር። በሃያዎቹ አጋማሽ ያለች፣ ዘንድሮ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶሞቲቭ የተመረቀች ልጅ ናት። እንባ አልነበራትም። የዳዶ መፍቻ ቁልፍ ይዛ ነው የመጣችው።

«አባዬ አላስታውስም አለ የሚሉኝ ውሸት ነው» አለች። «የአሥር ዓመት መኪና ስንት እንዳዞረ የሚያስታውስ ሰው ነው። ልያት።»

ባለሙያው ትከሻውን ነቅንቆ አሳያት። «ምልክቱ ያው ደህና ነው። አባትሽ ከጨረሰ በኋላ የነካው ሰው የለም።»

ምልክቱ ይህ ነው፤ ጋሽ ግማሽ ሥራ ሲጨርሱ በነጭ ቀለም ከዘንጓ ጫፍ ጀምረው፣ በዳዶው ላይ አልፈው፣ ዳዶው እስከሚዞርበት ጥርስ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራሉ። ሌላ እጅ ዳዶውን ከነካው መስመሩ ይሰበራል፤ የእሳቸው ማኅተም ነው። ፒክአፗ ላይ ያለው መስመር አልተሰበረም። ለዚህም ነበር ባለሙያው ጠዋት ሳያመነታ ወደ መካኒኩ የጠቆመው።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«አባዬ እንዲህ አያሳጥርም። በሕይወቱ!»

«መስመሩ ግን…»

«መስመሩማ ግማሽ ብታዞሪው፣ ሩብ ብታዞሪው ይሰበራል። ሙሉ ዙር ብታዞሪው ግን ዞሮ ዞሮ ቦታው ይመጣል። ዳዶውም እንዲሁ። አንድ ሙሉ፣ ሁለት ሙሉ… መስመሩ ተመልሶ ይገጥማል።» ይህን ስትል ድምፅዋ ቀነሰ። ቁልፉን አስገባችና ዳዶውን ፈታችው፤ ወደ ኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አዞረችው። ዳዶው ሸፍኖት የነበረው ጥርስ ብቅ አለ። ነጭ ቀለም ነበረበት።

ባለሙያው ቀለሙን በጥፍሩ ነካው።

«ከዳዶ ስር ቀለም የሚቀባ ሰው የለም» አለች ልጅቷ። «አባዬ ሲቀባው ይሄ ውጭ ነበር። ከተቀባ በኋላ ነው የተዞረው። ሦስት ሙሉ ዙር።»

«ሌባ ቢሆን፣ ጠላት ቢሆን ዝም ብሎ ያዞረው ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «መስመሩን ለመጠበቅ የተጨነቀ ሰው መስመሩን የሚያውቅ ነው። ከአባትሽ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

ልጅቷ «እኔና…» ብላ ጀመረችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኢንስፔክተሯ አልተጣደፈችም። ጎማ ላይ አብራት ተቀመጠች።

«አጎቴ አያደርገውም» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ከአንድ ወር በፊት አባዬ ምሳ ላይ ጋራዡን ለእኔ እንደሚያስረክብ ሲናገር፣ የመጀመሪያ ሆኖ ያጨበጨበው እሱ ነው። ግንባሬን ስሞ መረቀኝ። ነጋዴውንስ ምን አድርጎት ይገድለዋል? ስሙን እንኳ በደንብ አያውቀውም!»

እውነቷን ነው። ኢንስፔክተሯ ቀኑን ሙሉ የለፋችው ነጋዴውን ማን ይጠላል እያለች ነው። የሚጠላው ያልተገኘው ስለሌለ ነው። ጥያቄው ከጠዋት ጀምሮ ጠማማ ነበር። ዛሬ ጠዋት ያችን መኪና ሊነዳት የነበረው ማነው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሁሌ ጠዋት፣ ብቻውን፣ ዳገቱን ወጥቶ ማዶ የሚወርደው ማነው?

*

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ ግማሽን አስጠራቻቸው። ሌሊቱን ወለል ላይ አድረው ወገባቸው ይበልጥ ጎብጧል።

«ዘንጓን የነካት ወንድምዎ መሆኑን ትናንት ገደሉ አፍ ላይ ነው ያወቁት» አለቻቸው። «ዘንጓ አጥራ መስመሩ ሳይሰበር ሲያዩ።»

ለመካድ ሞከሩ፤ ከዚያ ደከማቸው።

«ነጋዴው ‘ትንሽ ጨምሩልኝ፣ ዳገቱ ገደለኝ’ እያለ ይነዘንዘን ነበር» አሉ። «ልጁ ሊያስደስተው ብሎ ነው። ተሳስቶ ነው እህቴ! እጅህ ይቸኩላል እያልኩ ቱርቦ ሳላስነካው አረጀሁ። ባስተምረው ኖሮ አይሳሳትም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ወጣት ነው፣ ገና ትዳር አልያዘም። እኔ ምን ቀረኝ? ተይው።»

ኢንስፔክተሯ ቀጣዩን ልታሳያቸው አልፈለገችም። መሳቢያዋን ከፍታ ጥቁሩን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ ግማሽ አነሱት። አውራ ጣታቸውን በተቆረጠው በኩል ቀስ ብለው አስኬዱ፤ ከዚያም በተቀደደው በኩል።

«ይሄ በምላጭ ነው።»

«አዎ።»

«የፍሬን ቱቦ ነው።» ቀና አሉ። «ጉልበት ሊጨምርለት ከሆነ ፍሬኑን ለምን…? ያ ምስኪን ምን አደረገው?»

«ምንም አላደረገውም። ሊነዳት የነበረው እሱ አልነበረም።»

ቱቦውን እንደያዙ ቀሩ። ኢንስፔክተሯ የሰው ፊት ቀስ በቀስ ሲረዳ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን ባላየች ትመርጥ ነበር።

«እርስዎ ቢሞቱ ማንም አይጠየቅም ነበር» አለች፣ መጨረስ ስላለባት። «ዘንጓ አጥራለች፤ ማኅተሙ የእርስዎ ነው። ‘ጋሽ ግማሽ አረጀ፣ ዙር ጠፋበት፣ በገዛ እጁ ሞተ’ ይባላል። እሱም ትናንት ለእኔ ያለኝ ይህንኑ ነው።»

«እጁ ይንቀጠቀጣል አለሽ?»

«አዎ።»

እጃቸውን ዘርግተው አዩት። አይንቀጠቀጥም ነበር።

«ምነው ወገቤ ባልያዘኝ» አሉ። «ያ ሰውዬም ልጆቹ ጋ ይገባ ነበር። እኔም ይህን ሳልሰማ እሄድ ነበር።»

በሩ ተንኳኳ። ወንድምየው ነበር። ማንም አልጠራውም፤ ለወንድሙ ትኩስ ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ይዞ መጥቶ ነው። ቱቦውን በጋሽ ግማሽ እጅ ሲያየው ፔርሙዙን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አልሮጠም። ኢንስፔክተሯ ወንበር አሳየችው፤ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለ።

«ለምን?»

«ሃያ አራት ዓመት ጎማ አስፈታኸኝ» አለ ወንድምየው። እንባው አሁን አልነበረም፤ ድምፁ ደርቋል። «ሃያ አራት ዓመት ‘ጋራዡ ያንተ ነው፣ ትንሽ ታገስ’ አልከኝ። ታገስኩ። ከዚያ በአንድ ምሳ ላይ ለትናንት ልጅ ሰጠሃት፤ ለእኔ ደግሞ ‘አግዛት’ አልከኝ። ሲመሽ፣ ሲነጋ፣ ‘አግዛት’ የሚለው ብቻ ነው የሚሰማኝ።»

«ታዲያ ብትነግረኝ! ብትጮህብኝ! ብትመታኝ!»

«አንተን? እንዴት አድርጌ ነው አንተን የምመታህ?» አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር፤ ክፍሉን ያከበደው እሱ ነው። «ብትሞት እኮ ጋሼ፣ ከእኔ በላይ የሚያለቅስልህ አይኖርም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ግማሽ። «እሱን ነው ያልቻልኩት።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ማንም አልነካውም። ኢንስፔክተሯ አዲስ ወረቀት አወጣች፤ ተከሳሽ የነበሩት ሰውዬ አሁን ምስክር ናቸውና ቃላቸው እንደገና መጻፍ አለበት። ዕድሜ ጠየቀቻቸው፣ ሥራ ጠየቀቻቸው፤ መለሱ። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ማንበብ ስለከበዳት ሳትጠይቅ ልታልፈው ፈለገች፤ ወረቀቱ ግን ባዶ አይተውም።

«ከተጠርጣሪው ጋር ያለዎት ዝምድና… ወንድም ልበል?»

ጋሽ ግማሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ግቢው ውስጥ ወንድምየውን ወደ ፍርድ ቤት በሚሄደው መኪና ላይ እያወጡት ነበር፤ አንዱ ፖሊስ ራሱን እንዳይመታ በእጁ ዝቅ አደረገለት።

«ወንድም አትበይ» አሉ። «ልጄ ነው በይ።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈችው።